ሞዴል አውሮፕላን ያለ አስተማሪ? ለአንድ ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን አንድ ጽሑፍ ከተለያዩ ወዳጆች በተደጋጋሚ ተላከልኝ። በሪሞት የሚበር ሞዴል አውሮፕላን ለመጀመር ለሚፈልጉ ሰዎች የተጻፈ ምክር ነው። ጸሐፊው እንደሚሉት፣ የዛሬው አውሮፕላን ራሱን የሚያስተካክል ጋይሮ ስላለው አስተማሪ አያስፈልግም። ማብረርን በኮምፒውተር ላይ የሚለማመዱበት ሲሙሌተር የልጆች ጌም ነው። የመማሪያ አውሮፕላን አሰልቺ ስለሆነ ጀማሪ ሰው ልቡ የወደደውን ይግዛ። ከአስተማሪ ሪሞት ጋር ተያይዞ መማር ሰውን ጥገኛ ያደርጋል። መከስከስ ራሱ ከሁሉ የበለጠ አስተማሪ ነው። ማሳረፍ በኋላ ይደረስበታል። ሕጉም ድሮን ለሚያበርሩት እንጂ ለእኛ አይደለም።

ጽሑፉ ሞቅ ያለ ነው፣ ሰውን ያነሳሳል። ይህን አከብራለሁ። ነገር ግን እኔ አሜሪካ ውስጥ ዴንቨር አካባቢ ቅዳሜ ቅዳሜ ጠዋት ጀማሪዎችን አስተምራለሁ። እንዲህ ያለ ምክር ሰምተው፣ አዲስ አውሮፕላናቸውን በመጀመሪያው ቀን ሰባብረው፣ ስብርባሪውን በፌስታል ይዘው የሚመጡ ሰዎች አጋጥመውኛል። እነዚህ ተመልሰው የመጡት ናቸው። ብዙዎቹ ጭራሽ አይመለሱም። ስለዚህ ዝም ማለት አልቻልኩም።

በመጀመሪያ አንድ ሒሳብ እንሥራ። አንድ የተለመደ የመማሪያ አውሮፕላን በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር ይበራል እንበል። ይህ በሰከንድ 17 ሜትር ገደማ ነው። በ15 ሜትር ከፍታ ላይ እያለ አፍንጫው ወደ መሬት ከዞረ፣ ለማስተካከል ያለን ጊዜ አንድ ሰከንድ እንኳ አይሞላም። በ60 ሜትር ከፍታ ላይ ከሆነ ግን ከሦስት ሰከንድ በላይ አለን። የጀማሪ ችግር ያለው እዚህ ላይ ነው። እጁ ሰነፍ አይደለም፣ ጭንቅላቱም ደካማ አይደለም። የሆነውን ለማየት፣ ለመረዳት እና ትክክለኛውን ነገር ለማድረግ ጊዜ ያስፈልገዋል። እሱ ሦስት ሰከንድ ሲፈልግ አውሮፕላኑ አንድ ይሰጠዋል። አስተማሪ የሚያደርገው ነገር ቢኖር የጎደለውን ጊዜ መሙላት ነው። የጸሐፊውን ነጥቦች በሙሉ የማየው በዚህ ዓይን ነው።

ከጋይሮው ልጀምር፤ ጽሑፉ የቆመው በእሱ ላይ ነውና። ጋይሮ ግሩም መሣሪያ ነው፣ እኔም በደስታ እጠቀምበታለሁ። አውሮፕላኑ ምን ያህል እንዳዘነበለ ይለካል፤ በጀማሪ ሞድ ላይ ከተወሰነ በላይ እንዳያዘነብል ያግደዋል፤ ስቲኩን፣ ማለትም ሪሞቱ ላይ በጣት የሚገፋውን ዘንግ፣ ሲለቁት ደግሞ ክንፉን ቀጥ ያደርገዋል። ግን ጂፒኤስ የሌለው ጋይሮ አውሮፕላኑ የት እንዳለ አያውቅም። ፊት ለፊቱ ዛፍ መኖሩን አያውቅም። ንፋስ እየገፋ ከሜዳው እያራቀው መሆኑንም አያውቅም። ክንፉን ቀጥ አድርጎ፣ ሰላማዊ በሆነ መንገድ፣ ከዓይናችን እስኪጠፋ ድረስ ሊሄድ ይችላል።

ጸሐፊው ያልነኩት ከዚህ የከበደ ነገር አለ። በጀማሪ ሞድ ላይ ለመታጠፍ ስቲኩን ወደ ጎን ገፍቶ መያዝ ያስፈልጋል። ከለቀቁት አውሮፕላኑ ቀጥ ይላል፣ መታጠፉም ይቆማል። ጋይሮ በሌለው አውሮፕላን ላይ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ስቲኩን ገፋ አድርጎ ክንፉን ማዘንበል፣ ወዲያው ወደ መሐል መመለስ፣ ኤሌቬተሩን (አፍንጫውን ከፍና ዝቅ የሚያደርገውን የጅራት ክፍል) በትንሹ ሳብ አድርጎ መዞር፣ በመጨረሻም በተቃራኒው ገፍቶ ክንፉን ማቃናት ያስፈልጋል። በጋይሮ ብቻ ለወራት የበረረ ሰው እጁ «ገፍቶ መያዝ»ን ተምሯል። ያን እጅ ይዞ ሞዱን ሲያጠፋ አውሮፕላኑ መዞሩን አልፎ ይገለበጣል፣ በጀርባው ሆኖም ወደ መሬት ይወርዳል። ጥፋቱ የጋይሮው አይደለም። ልዩነቱን ቀድሞ የሚነግረው ሰው አልነበረም።

ሌላም አለ። ጋይሮው ራሱ በተሳሳተ አቅጣጫ ሊሠራ ይችላል። በተለይ ከሌላ ሰው የተገዛ ወይም ተጠግኖ እንደገና የተገጠመ አውሮፕላን ላይ ይህ ይከሰታል። ስለዚህ ከመነሳት በፊት ሁለት ነገር እናያለን። ስቲኩን ወደ ግራ ስንገፋ የግራው ኤሌሮን፣ ማለትም በክንፉ የኋላ ጠርዝ ላይ ያለው ተንቀሳቃሽ ክፍል፣ ወደ ላይ መነሳት አለበት። ከዚያ አውሮፕላኑን በእጃችን አንስተን የግራ ክንፉን ዝቅ ስናደርግ፣ ጋይሮው ያንኑ ኤሌሮን ወደ ታች ማውረድ አለበት፤ ክንፉን ሊያነሳው ነዋ። የመጀመሪያው ትክክል ሆኖ ሁለተኛው የተገላቢጦሽ ከሆነ፣ መሬት ላይ ሁሉም ነገር ሰላም ይመስላል። ከተነሳ በኋላ ግን ጋይሮው እያንዳንዷን ዝንባሌ ያባብሳታል። በሁለት ሰከንድ ውስጥ አለቀ። ይህን ምርመራ ሣጥኑን ከፍቶ ወደ ሜዳ የሚሮጥ ጀማሪ ከየት ያመጣዋል?

ስለ ሲሙሌተር አጠር አደርጋለሁ። ጌም ነው መባሉ አይዋጥልኝም። አውሮፕላኑ ወደ አንተ ሲመጣ ግራና ቀኝ መገላበጡን ጣት የሚለምደው በመደጋገም ነው። ሲሙሌተር ላይ ሺህ ጊዜ ቢከሰከስ አንድ ብር አይወጣበትም። እርግጥ ነው፣ ብዙ ሰው በተሳሳተ መንገድ ይጠቀምበታል። ካሜራውን ከአውሮፕላኑ ኋላ ወይም ኮክፒቱ ውስጥ ያደርገዋል። ያ ሌላ ነገር ያስተምራል። እይታው መሬት ላይ ከቆመ ሰው ዓይን መሆን አለበት። የሚቻል ከሆነም በሜዳው ላይ በሚይዙት በራሳቸው ሪሞት ይለማመዱ። በቀን 15 ደቂቃ፣ በየቀኑ። እሁድ ቀኑን ሙሉ ከመቀመጥ ይህ ይሻላል። ሲሙሌተር የማይሰጠው ፍርሃትን ነው። እውነተኛው አውሮፕላን ሲነሳ ጉልበት ይንቀጠቀጣል፣ አፍ ይደርቃል። ለዚያ ደግሞ ከጎን የሚቆም ሰው ያስፈልጋል።

«ልብህ የወደደውን ግዛ» የሚለው ምክር በተለይ እኛ ዘንድ አደገኛ ነው። ጸሐፊው በምሳሌነት ያነሱት ፒ-51 ሙስታንግን ነው። የሁለተኛው የዓለም ጦርነት ተዋጊ፣ በእርግጥም ውብ አውሮፕላን። ሞዴሉ ግን ለክንፉ ስፋት ክብደቱ ከፍ ያለ ነው፤ ክንፉም ወደ ጫፉ እየጠበበ ይሄዳል። ፍጥነቱ ሲቀንስ ከሁለቱ ክንፎች አንዱ ቀድሞ ማንሳቱን ያቆምና አውሮፕላኑ በዚያ በኩል ይወድቃል። ብዙ ጊዜ ይህ የሚሆነው ሊያርፍ ሲል፣ ከመሬት ሁለት ሦስት ሜትር ላይ ነው። ሊነሳ ሲል ደግሞ ሙሉ ኃይል በአንዴ ከሰጡት አፍንጫው ወደ ግራ ይጎተታል።

አሁን ከፍታውን ጨምሩበት። ዴንቨር ከባሕር ጠለል በላይ 1,609 ሜትር ላይ ነች። አየሩ ከባሕር ዳርቻው በ15 በመቶ ገደማ የሳሳ ነው። ክንፉ ያንኑ ክብደት ለመሸከም በ8 በመቶ ያህል መፍጠን አለበት። አዲስ አበባ ደግሞ ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነች እዚያ ጭማሪው 12 በመቶ ገደማ ይደርሳል። እዚህ ዴንቨር ደግሞ በሐምሌ ሙቀት አየሩ ከዚህም በላይ ይሳሳል። ፕሮፔለሩም የሚይዘው አየር ይቀንሳል። በባሕር ዳርቻ ከተማ የተቀረጸ ቪዲዮ አይቶ «ቀስ ብሎ ያርፋል» ብሎ የገዛ ሰው፣ እዚህ ሜዳ ላይ ሌላ አውሮፕላን ያጋጥመዋል። ጸሐፊው ይህን አንድም ቦታ አላነሱትም።

የመማሪያ አውሮፕላን ክንፉ ከአካሉ በላይ ተቀምጧል፣ ጫፎቹም ወደ ላይ ትንሽ ቀና ይላሉ። ሲያዘነብል ራሱን ወደ ማቃናት ያደላል። ቀስ ብሎ ይበራል። ከ1.2 እስከ 1.5 ሜትር የሚደርስ ክንፍ ያለው ከሆነ ርቆም በደንብ ይታያል፤ ጀማሪ ሰው አውሮፕላኑ ወዴት እንደዞረ ማየት ሲያቅተው ነው የሚጠፋው። አሰልቺ ነው የሚሉት ጸሐፊው፣ በእሱ ለመጀመሪያ ጊዜ ብቻውን ዞሮ ያሳረፈ ሰው ፊት ላይ የሚታየውን ደስታ ቢያዩ እንዲህ የሚሉ አይመስለኝም። ሙስታንጉን ይግዙት፣ ግድግዳ ላይ ይስቀሉት። ሦስተኛ አውሮፕላናቸው ይሁን።

ጸሐፊው «የመጀመሪያዎቹ አብራሪዎች አስተማሪ ነበራቸው ወይ?» ብለው ይጠይቃሉ። ጥሩ ጥያቄ ነው። አሜሪካ ውስጥ በሬዲዮ ከተመሩት ቀደምት ሞዴሎች መካከል ስሙ የሚነሳው ዋልተርና ዊልያም ጉድ የተባሉ መንትያ ወንድማማቾች በ1937 ያበረሩት «ጋፍ» ነው፤ ዛሬ በስሚዝሶኒያን ሙዚየም ይገኛል። የዚያ ዘመን ሞዴሎች ግን ያለ ማንም ትዕዛዝ በራሳቸው ተረጋግተው እንዲበሩ የተሠሩ፣ ትልልቅና ዘገምተኛ ነበሩ። ሬዲዮው አቅጣጫ ለማስያዝ ያህል ነበር። ከሙስታንግ ጋር አይወዳደሩም።

አሁን ወደ ዋናው ነጥብ ልምጣ፤ ሁለት ሪሞት አያይዞ ማስተማር። እኛ ባዲ ቦክስ የምንለው ማለት ነው። ላላዩት ላስረዳ። አስተማሪው አንድ ሪሞት ይይዛል፣ ተማሪው ሌላ። ሁለቱ በገመድ፣ በአዳዲሶቹ ደግሞ ያለ ገመድ ይገናኛሉ። አስተማሪው አንዲት ማብሪያ ተጭኖ ሲይዝ ተማሪው ያበራል። ሲለቃት በዚያው ቅጽበት መቆጣጠሪያው ወደ አስተማሪው ይመለሳል። የመንጃ ፈቃድ ማሠልጠኛ መኪና ላይ በአስተማሪው እግር ሥር እንዳለው ሁለተኛ ፍሬን ነው።

ጸሐፊው «አስተማሪው ስቲኩን ይነጥቅሃል፣ አንተም እሱን ተማምነህ ትቀራለህ» ብለዋል። በከፊል እውነት አላቸው። እንዲህ የሚያደርጉ አስተማሪዎች አሉ። ክንፉ ትንሽ ዘንበል ባለ ቁጥር ይቀማሉ፣ ሳያቋርጡ ያወራሉ፣ ተማሪው የትኛውን እንደሚሰማ ግራ ይገባዋል። ግን ያ የመጥፎ ማስተማር ችግር ነው፤ መፍትሔውም ማስተማርን መተው ሳይሆን በደንብ ማስተማር ነው።

ጥሩ አስተማሪ መጀመሪያ አውሮፕላኑን ራሱ ወደ 60 ወይም 80 ሜትር ያወጣዋል፣ ቀጥ አድርጎ ያመቻቸዋል፣ ከዚያ ያስረክባል። በልቡ ወለል ያበጃል፤ ለምሳሌ 30 ሜትር። አውሮፕላኑ ከዚያ በላይ እስካለ ድረስ ተማሪው ይሳሳት። ስህተቱ ይታየው፣ ራሱ ለማረም ይሞክር። ወለሉ ላይ ሲደርስ አስተማሪው ማብሪያዋን ይለቃል፣ ያቃናል፣ ከፍ ያደርጋል፣ ምን እንደሆነ በአንድ ዓረፍተ ነገር ይናገራል፣ ይመልስለታል። ተማሪው ስህተቱን ሳይረሳው፣ እጁ ሳይቀዘቅዝ፣ እንደገና ይሞክራል። አንድ ባትሪ ሳያልቅ ይህ ብዙ ጊዜ ይደጋገማል። አስተማሪ የሌለው ሰው ያንን ስህተት አንዴ ብቻ ነው የሚሠራው፤ ከዚያ በኋላ የሚበር ነገር የለውም።

ከመነሳታችን በፊት ቃላት እንስማማለን። «ግራ»፣ «ቀኝ»፣ «ሳብ»፣ «ልቀቅ»። በቃ። አየር ላይ ረጅም ትምህርት የሚሰማ ጆሮ የለም። ማብራሪያው መሬት ላይ፣ ባትሪ እስኪቀየር ድረስ ይሆናል።

ባለፈው ክረምት ከልጃቸው ጋር አብረው ሊማሩ የመጡ አንድ አባት ነበሩ። ልጁ ቶሎ ገባው። እሳቸው ደግሞ አውሮፕላኑ ሲርቅ በጣም ጥሩ ያበርራሉ፣ ዞሮ ወደ እኛ ሲመጣ ግን እጃቸው ይደርቃል። አንዴ የግራ ክንፉ ዝቅ ብሎ እየመጣ፣ እሳቸው ወደ ተሳሳተው ጎን መግፋት ጀመሩ። ክንፉ የባሰውን ወረደ።

«ጋሼ፣ ይልቀቁት» አልኳቸው።

«ቆይ፣ ቆይ፣ አስተካክለዋለሁ!»

ወለሌ ድረስ ጠበቅኳቸውና ማብሪያዋን ለቀቅኩ። አውሮፕላኑ ተቃና። እሳቸው ወደ ሰማይ እያዩ «ምን ነካው?» አሉኝ።

«ምንም አልነካውም። ወደ እኛ ሲመጣ ግራና ቀኙ ይገላበጣል። ግራ ቀኝ ብለው አያስቡ። ከፊትዎ የወረደው ክንፍ በየት በኩል ነው? ስቲኩን ወደዚያው ይግፉ፣ ደገፍ እንደሚያደርጉት።»

መለስኩላቸው። ዞረው መጡ። ክንፉ ወረደ፣ ወደ ወረደው ገፉ፣ ተቃና። ልጁ ከኋላ ሆኖ አጨበጨበ። ይህ ሁሉ ከደቂቃ ያነሰ ጊዜ ወሰደ። ብቻቸውን ቢሆኑ ኖሮ ያ አውሮፕላን ሣሩ ላይ ተሰባብሮ ነበር፣ እሳቸውም ዛሬ ድረስ «የሆነ ነገር ነካው» ይሉ ነበር።

«መከስከስ ከሁሉ የበለጠ አስተማሪ ነው» የሚለውን የማልቀበለውም ለዚህ ነው። መከስከስ መልስ አይሰጥም። አውሮፕላኑ ወደቀ፤ ለምን? ሬዲዮው ተቋርጦ ነው? ንፋስ ነው? ፍጥነት አንሶት ነው? ጀማሪው አያውቅም። ሳያውቅ በፎም ማጣበቂያ ይለጥፈዋል፣ ያንኑ ስህተት ይደግማል። ደግሞም ፎሙ ቢለጠፍም አውሮፕላኑ የቀድሞው አይደለም። ማጣበቂያው ክብደት ይጨምራል፣ ሚዛኑ ይቀየራል፣ የሞተሩ መቀመጫ ሊጣመም ይችላል። ሚዛኑ ወደ ጅራት ከሄደ አውሮፕላኑን በቁጥጥር ሥር ማቆየት ለልምድ ላለው ሰው እንኳ ከባድ ነው።

ባትሪውስ? የምንጠቀምበት ሊፖ (ሊቲየም ፖሊመር) ባትሪ ሲጎዳ ወዲያው ላይታይበት ይችላል። ቆይቶ፣ ቤት ከገባ ወይም ቻርጅ ላይ ከተደረገ በኋላ ሊነድ ይችላል። ከባድ መከስከስ የደረሰበትን ወይም ያበጠን ባትሪ መኪና ውስጥ ትቶ መሄድ፣ ማታ ሰክቶ መተኛት በፍጹም አይገባም። ልጆች ያሉበት ቤት ውስጥ የሚነበብ ጽሑፍ ይህን ሳይናገር «ተከስከስ፣ ትማራለህ» ማለቱ አሳዝኖኛል። መሬት ላይ የቆመ ሰውም አለ። 1.3 ኪሎ የሚመዝን ነገር በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር እየበረረ ሰው ጭንቅላት ላይ ቢያርፍ ምን እንደሚያደርግ ለማወቅ ሙከራ አያስፈልግም።

ማሳረፍን በተመለከተ ጸሐፊው «ባትሪው ሲዳከም ራሱ ይወርዳል» ብለዋል። ይወርዳል፣ እውነት ነው። ባትሪው ሲዳከም የሞተር መቆጣጠሪያው ሞተሩን ያቆምና የቀረችውን ኃይል ለሬዲዮውና ለሰርቮዎቹ፣ ማለትም የክንፉንና የጅራቱን ተንቀሳቃሽ ክፍሎች ለሚያንቀሳቅሱት ትንንሽ ሞተሮች፣ ያስቀራል። ግን በዚያ ሰዓት አውሮፕላኑ የት ነው ያለው? ማኮብኮቢያው ትይዩ ነው ወይስ ከመንገዱ ማዶ? ሞተር ከሌለ እንደገና ዞሮ መሞከር የለም። እኛ ሰዓት ቆጣሪ እንሞላለን፣ ባትሪው ውስጥ 30 በመቶ ያህል እያለም እናሳርፋለን። አንዴ ቢበላሽ ከፍ ብሎ ዞሮ መምጫ ይኖረናል።

ደግሞ ማሳረፍ በመጨረሻ የሚማሩት አይደለም። ከመጀመሪያው ቀን፣ ከፍ ብሎ፣ በምናብ ማኮብኮቢያ ላይ ይለማመዱታል። ከንፋሱ ጋር መሄድ፣ መታጠፍ፣ እንደገና ታጥፎ ንፋሱን ፊት ለፊት መቀበል፣ ኃይል መቀነስ። እዚህ ላይ የጀማሪ እጅ የሚሠራውን ስህተት ሁልጊዜ አያለሁ። መሬቱ ሲቀርብ ይደነግጥና አውሮፕላኑን ወደ ላይ ለማንሳት ኤሌቬተሩን ይስባል። አፍንጫው ቀና ይላል፣ ፍጥነቱ ይወርዳል፣ ክንፉ ማንሳት ያቆማል፣ ዱብ። ትክክለኛው ተቃራኒው ነው። ለማረፍ ሲቃረብ ኤሌቬተር በዋናነት ፍጥነትን፣ ትሮትል፣ ማለትም የሞተሩን ኃይል የሚጨምረውና የሚቀንሰው ስቲክ፣ ደግሞ አወራረድን ይገዛል። ዝቅ ካለብህ ኃይል ጨምር፤ አትሳብ። በ50 ሜትር ላይ ኃይል ቀንሰህ፣ ስበህ፣ አውሮፕላኑ እንዴት እንደሚወድቅ ብታየው እጅህ አይረሳውም። እዚያ ጊዜ አለ። ሁለት ሜትር ላይ የለም።

ሕጉን በአጭሩ። አሜሪካ ውስጥ ላላችሁ፣ የፌዴራል አቪዬሽን አስተዳደር በሪሞት የሚበር ሞዴል አውሮፕላንን ከድሮን አይለይም። ለመዝናናት የሚያበርር ሁሉ ትረስት የተባለውን በኢንተርኔት የሚሰጥ ነፃ ፈተና መውሰድ አለበት። አውሮፕላኑ ከ250 ግራም በላይ ከሆነ መመዝገብ አለበት፤ ክፍያው ለሦስት ዓመት 5 ዶላር ነው። ሪሞት አይዲ የሚባለው መለያም ያስፈልጋል፣ ከዚህ ነፃ ተብለው ከተፈቀዱ ሜዳዎች በስተቀር። ቁጥጥር በሌለበት አየር ክልል ከፍታው ከ400 ጫማ አይለፍ። ኤርፖርት አጠገብ ከሆነ ቀድሞ ፈቃድ ያስፈልጋል። «ለእኛ አይደለም» የሚለውን አምኖ መናፈሻ ውስጥ ያበረረ ሰው ለቅጣት ይጋለጣል፤ ጸሐፊው ያንን አይከፍሉለትም።

በመጨረሻ «አስተማሪ ማግኘት ከባድ ነው፣ ውድም ነው» ላሉት። እዚህ አገር የሞዴል አውሮፕላን ክለቦች በብዙ ከተሞች አሉ፤ ብዙዎቹም ከ1936 ጀምሮ ባለው ብሔራዊ የሞዴል አውሮፕላን አካዳሚ ሥር የተደራጁ ናቸው። የሚያስተምሩት በአብዛኛው በጎ ፈቃደኞች ናቸው፣ ገንዘብ አይጠይቁም። እኛ አካባቢ በቼሪ ክሪክ ስቴት ፓርክ ውስጥ የሞዴል አውሮፕላን ሜዳ አለ። ምንም ሳይገዙ ሄዶ ማየት ይቻላል። ሰዎቹ ምን እንደሚያበርሩ ይዩ፣ ይጠይቁ፣ የትኛው ሪሞት ከአስተማሪዎቹ ሪሞት ጋር እንደሚገናኝ ይወቁ፣ ከዚያ ይግዙ። እንግሊዝኛው የሚያስፈራዎ ከሆነ አንድ አበሻ ይዘው ይሂዱ።

ጸሐፊውም ወደ ዴንቨር ካለፉ ሁለተኛውን ሪሞት አዘጋጅቼ እጠብቃቸዋለሁ፤ ከማንም ጀማሪ ጋር ቆመው ማስተማሩን እሳቸው ራሳቸው ይሞክሩት። ከጠዋቱ 1 ሰዓት ላይ ይምጡ። በበጋው ከሰዓት በኋላ ከተራሮቹ በኩል ንፋስና መብረቅ ስለሚመጣ እስከ 4 ሰዓት ጨርሰን እንሄዳለን።